እህቴ የጻፈችው ደንብ እና የኡኬው ዋንዛ

«እህትሽ ምንድን ነው የምትሠራው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ያለችው ሱቄ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠገንባት ስለሆነች ሰው ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን «መሐንዲስ ናት» እል ነበር። «የመንገድ?» ይሉኛል። «የአውሮፕላን» ስል «ትነዳለች?» ይላሉ። አትነዳም። «ትጠግናለች?» አትጠግንም። «ታዲያ ምን ቀራት?» ብሎ አንዱ ደንበኛዬ ሱቁን በሳቅ ሞላው። አብሬ ሳቅሁ እንጂ መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር።

በቅጡ የገባኝ አንድ ጊዜ ለዓመት በዓል የመጣች ዕለት ነው። ብርጭቆ እስከ አፉ ሻይ ሞልታ ሰጠችኝ።

«እታለም፣ ይህን ይዘሽ እስከ በሩ ሂጂ።»

ሄድሁ። ጠብ አላለም።

«አሁን ዓይንሽን ጨፍነሽ ተመለሺ።»

ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ቀሚሴ ራሰ። እሷ ከት ብላ ሳቀች።

«አየሽ? ቅድም ዓይንሽ ያያል፣ ጭንቅላትሽ ሻዩ ወዴት እንዳጋደለ ያመዛዝናል፣ እጅሽ ያርማል። ሦስቱም አንቺው ላይ ስላሉ ሥራ አይመስልሽም። አውሮፕላን ግን ዓይኑም፣ ሐሳቡም፣ እጁም ለየብቻ ነው። እነሱን ማስማማት ነው የኔ ሥራ።»

«ማረም ብቻ ከሆነ ምን ይከብዳል?» አልኋት ቀሚሴን እየጨመቅሁ።

«ልኩ ነዋ! አብዝተሽ ካረምሽ ይፈሳል፤ ዘግይተሽ ካረምሽም ይፈሳል።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ ሻይ እሞላለሁ። ከሱቄ ሱሪው ረጥቦ የወጣውን ሰው ቤቱ ይቁጠረው።

ወላጆቻችን በድርቁ ዘመን ከወሎ ተነሥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው። እኔ በጀርባ ታዝዬ የመጣሁ ነኝ፤ እሷ ግን እዚሁ፣ ከኡኬ ወዲያ ቆላው ላይ ባለው የሰፈራ መንደር ተወለደች። እናታችን አባታችንን ተከትላ ስታርፍ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ይዣት ነቀምቴ ወጣሁ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው የተውሁት። ጥገናውንም ማንም አላስተማረኝም። ጎረቤት የጣለቻትን አንዲት የሞተች መኪና አንሥቼ፣ በካቻቢቴና በፒንሳ ፈታትቼ፣ እያንዳንዱን ብረት ከየት እንዳወጣሁት ወለሉ ላይ በከሰል እየሳልሁ ነው የለመድሁት። እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሷን ደብተር እኔ አነባለሁ፤ እኔ የፈታሁትን መኪና እሷ ትገጥማለች። እንዲህ ተያይዘን አደግን ብል ነው የሚሻለኝ፤ «አሳደግኋት» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ትንሽ ያሳፍረኛል።

አንድ ነገር ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አስቸግራኛለች። መሳሳት አትችልም። ዘጠና ስምንት አምጥታ ለሁለቷ ነጥብ ታለቅሳለች። መምህሯ እንኳ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞኝ «እባክሽ ይቺን ልጅ ትንሽ መሳሳት አስተምሪያት» ብሎኝ ነበር። «እኔ ከምችለው ሁሉ በደንብ የምችለው እሱን ነበር፤ እሷ አልቀበል አለች እንጂ» አልሁት።

ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ጨረሰች፣ ሁለተኛውንም ዲግሪ ጨረሰች፤ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። እዚያ ለዓመታት የደከሙበት ነገር የሰብል መድኃኒት ለምትረጭ፣ አንድ ሰው ብቻ ለምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን የሚሆን መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለችው አውሮፕላን ከሰብሉ ራስ ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ብላ ነው የምትበረው። ያንን ከፍታ ቀኑን ሙሉ በእጁ ሲጠብቅ የሚውል ፓይለት ይዝላል። የእህቴ መሣሪያ ይጠብቅለታል። ሆዷ ሥር የተገጠሙ ሁለት የጨረር ዓይኖች፣ አንዱ ቁልቁል፣ አንዱ ወደ ፊት አዘንብሎ፣ ርቀቱን በየቅጽበቱ ይለካሉ። መሣሪያው ያመዛዝንና ጭራዋ ላይ ያለውን መቅዘፊያ ከፍ ዝቅ ያደርጋል።

መጀመሪያ ሲሞክሩት ጉድ ሆነ። ወፍ በፊቷ ባለፈ ቁጥር መሣሪያው መሬት የተነሣበት እየመሰለው አውሮፕላኗን ወደ ሰማይ ይወረውራታል። ፓይለቱ ወርዶ «ይህ ነገር ፈረስ ነው እንዴ? ወገቤን ፈታው እኮ!» አለ አሉ። መላውን ያገኘች እህቴ ናት። አንዲት ደንብ ጻፈች። ደንቧ በእኛ ቋንቋ ስትነገር እንዲህ ናት፦ ከግማሽ ሰከንድ በታች ብቅ ብሎ የሚጠፋ ነገር ወፍ ነውና አትመነው፤ መሬት በድንገት አይዘልም። አውሮፕላኗ በዚያች ደንብ ጭምት ሆነች። አለቃዋ ደንቡን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አንብበው ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እኚህ አለቃዋ ጡረታቸው ደርሶ ነበር። «የመጨረሻው ሙከራ ካማረ ወንበሬ ያንቺ ነው» ብለዋታል። ይህን በስልክ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደ ቀላል ነገር፣ ስለ ዝናብ ጠይቃኝ ስታበቃ። እኔ ግን እህቴን አውቃታለሁ። ያንን ወንበር ፈልጋዋለች። ያንን ክፍል ሴት መርታው አታውቅም፤ እሷም የምትሠራውን ሥራ በራሷ መንገድ ልትመራው ሐሳቧን ሁሉ በደብተር ይዛ ነበር።

ለመጨረሻው ሙከራ ሰፊ የበቆሎ አገር ሲፈለግ ቦታውን የጠቆመችውም እሷው ናት። ከኡኬ ወዲያ፣ የተወለደችበት ቆላ። አውሮፕላን የምታርፍበት አንድ የአፈር ሜዳ ተደለደለ፣ እንግዶች ተጠሩ፣ የሙከራው ማሳም ተመረጠ። የማሳው ባለቤት ከአባታችን ጋር በአንድ መኪና ከወሎ የመጡ ሽማግሌ ናቸው።

መስከረም ማለቂያ ላይ፣ ከሙከራው አራት ቀን ቀድማ ነቀምቴ መጣች። በማግስቱ እኔ ኡኬ የምጠግነው መኪና ስለነበረኝ አብረን ሄድን። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሳምንት ነበርና ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ኡኬ ስንደርስ ልብስ ሰፊዋ ደንበኛዬ ከበሯ ላይ ተቀበለችን።

«አካም ጅርቱ! ነጋ?» ብላ ሁለታችንንም በየተራ አቀፈችና እህቴን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ አየቻት። «አንቺ ነሽ አውሮፕላኑን የምታመጪው? እንዲህ ቀጥነሽ? እኔ እንኳ ወፈር ያለች ሴት ነበር የጠበቅሁት!»

«ከባድ ሰው አይፈቀድም፤ አውሮፕላኗ ትንሽ ናት» አለቻት እህቴ።

«እንግዲያ እኔ በእግሬ እከተላለሁ!» ብላ ሳቀች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥሩ አደረጋችሁ ሰው ቀድሞ እንዲነገረው ማድረጋችሁ። አሁን ዘመን የሰማይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ልጁን ነው የሚሰበስበው። ግን ምነው ወዴሳቸውን ልታስቆርጪ?»

«የምን ወዴሳ?»

«ዋንዛውን ነዋ! የሽማግሌውን፣ የማሳው መሀል ያለውን። ነገ ጠዋት ይቆረጣል። ቀፎዎቹን እንኳ ትናንት አወረዱ።»

«ማን ቁረጡ አላቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኢንተላኮ፣ የኔ ልጅ። ማሳው ይጽዳ የሚል ደብዳቤ ከእናንተው ነው የመጣው አሉ።»

እኔ መኪናውን ፈትቼ ዘይት እስካጠጣው ድረስ እህቴ በሩ ላይ ቆማ ወደ ቆላው ስታይ ቆየች። «ጨረስሽ?» አለችኝ ሁለት ጊዜ። እሷ ሰው አታስቸኩልም፤ ያኔ ነው ነገር እንዳለ ያወቅሁት።

ሽማግሌው ቤት ስንደርስ ገና ከሩቅ ደነገጥን። ግራ ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ንብ ነው። ቀፎ ሳወርድ። ቤቱን ስታፈርስበት ንብስ ምን ይበል?» አሉና በቀረችው ዓይናቸው ሳቁ። «ነይ እስቲ የኔ ዓለም! ወላሂ ደርሰሽ አየሁሽ!»

«አባባ፣ ዋንዛውን ለምን ይቆርጡታል?»

«ለእንግዳ ነዋ! ልጃችን አውሮፕላን ይዛ ስትመጣ ዛፍ ይቁምባት? ደብዳቤው ቢመጣም ባይመጣም እኔ እቆርጠው ነበር። አብሽሪ፣ ዛፍ ነው። ቤቴን አፍርስ ብትዪኝም አፈርሰዋለሁ።»

ይህንን አገር የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። እዚህ ገበሬ ጫካ መንጥሮ ማሳ ሲያወጣ ዋንዛን ይተዋል። በሬው ከሥሩ ያርፋል፣ ቅጠሉ መሬቱን ያለማል፣ ቀፎ ይሰቀልበታል፣ ልጅ ስትዳር በርና አልጋ ይወጣዋል። ስለዚህ በየበቆሎው መሀል አንድ ሁለት ዋንዛ ቆሞ ታያለህ። ማሳና ዛፍ እዚህ ተለያይተው አያውቁም። ሽማግሌው ለእንግዳ ክብር ሊሰጡ ያሰቡት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

እህቴ በቆሎውን እየሰነጠቀች ዛፉ ሥር ሄደች፤ ተከተልኋት። በቆሎው ከእኛ ቁመት በላይ ነበርና ቀሚሷን ብቻ ነው የማየው። ዛፉ ሥር ስትደርስ ከቅርንጫፉ ጫፍ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ በእርምጃ ለካችው። አሥራ አራት። ተመልሳ እንደገና ለካችው። ከዚያ ሥሩ ላይ ቁጭ አለች።

«እታለም፣ አውሮፕላኗ ይህን የምታልፈው አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ነው። ከግማሽ ሰከንድ በታች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ መሣሪያው ይህን ወፍ ነው የሚለው። አውሮፕላኗን ሳያነሣ ቀጥ ብሎ ይነዳታል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ግንዱን ሦስት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ወፍ!

«ፓይለቱ አያይም ወይ?»

«ያያል። ግን መሣሪያውን የሠራነው ፓይለቱ እንዲያርፍ ነው። ላረፈ ሰው ዛፉን አይቶ ለመነሣት ሁለት ሰከንድ አይበቃውም። ፀሐይ ፊቱ ላይ ብትሆንስ? ወደ መርጫው ዘወር ቢልስ? አምኖን እኮ ነው።» እጇን በእጇ ጨበጠች። «ደንቡን ስጽፍ ዓይኔ ላይ የነበረው ስንሞክርበት የኖርነው ሜዳ ነው። አንድ ዛፍ የለበትም። እኔ፣ እዚህ ተወልጄ! ሌላው ቢረሳው ይሁን፤ እኔ እንዴት እረሳለሁ?»

እዚህ ላይ የራሴንም ሐቅ ልናገር። እኔ ያሰብሁት ስለ ፓይለቱ አልነበረም። ስለ ወንበሩ ነው። ዛፉ ነገ ከተቆረጠ ሙከራው ያምራል፤ ይህን ነገር ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። እናም አልኋት፦

«እነሱ ያሰቡት ይሁን። ሙከራው ይለፍ፤ ወንበሩን ያዢ፤ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ።»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማኅተም ካረፈበት በኋላ ማን ይከፍተዋል? አልፏል የተባለን ነገር? አውሮፕላኗ ወደ ሌላ ቆላ ትሄዳለች፤ እዚያ ያለው ሰው ዛፉን ያልቆረጠ ይሆናል።» ከዚያም ጨመረች፤ «ደግሞ አለቃ ሆኜ ማስተካከል ካሁኑ ይብስ ይከብደኛል። የተጨበጨበልኝ በዚሁ ደንብ እኮ ነው።»

ዘጠና ስምንት አምጥታ የምታለቅስ ልጅ መሆኗን እያወቅሁ፣ የምታስበው ነገር ምን ያህል እንደሚያማት ፊቷ ላይ አየሁ። ሽማግሌው ቤት አደርን። እራት አልቀመሰችም።

ጠዋት አለቃዋ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጡ። ፀጉራቸው የነጣ፣ ረጋ ያሉ፣ ከመኪና ወርደው ለሽማግሌው ዝቅ ብለው እጅ የነሡ ሰው ናቸው። መጥረቢያና ጠፍር የያዙ ሦስት የሽማግሌው ዘመዶች ማሳው ጥግ ቆመው ይጠብቃሉ። አለቃዋ ስለ ዛፉ ምስጋና ጀምረው ነበር፤ እህቴ አቋረጠቻቸው። ትልቅ ሰው ሲናገር ስታቋርጥ በዕድሜዬ ሙሉ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ። ዛፉ እንዳይቆረጥ።»

«ምነው፣ አባት ቅር አላቸው እንዴ?»

«እሳቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። ደንቤ ስህተት አለበት።»

«የትኛው ደንብ?»

«የወፉ።»

አለቃዋ ፈገግ ያሉ ይመስለኛል፤ ከዚያ ፊቷን ሲያዩ ፈገግታው ጠፋ። አሥራ አራቱን እርምጃ ነገረቻቸው። ግማሽ ሰከንዱን ነገረቻቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

«መመሪያው ላይ እናስገባዋለን» አሉ። «የሚረጨው ማሳ ከዛፍ የጸዳ ይሁን፣ ብለን። ይበቃል። እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ናቸው፣ ልጄ። ለእኔም የቀረኝ ሁለት ወር ነው። ይህን አይቼ ብሄድ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«አንቺስ? ያልሁሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም።»

ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም። ሁለቱም እንዲሁ ቆመው ሳለ ሽማግሌው፣ አንድ ዓይናቸው እንደተከደነ፣ መጡና የአለቃዋን እጅ ያዙ።

«ጌታው፣ እስቲ ለአንድ አፍታ ወዲህ ይምጡልኝ።»

ማሳው ዳር ካለው ኩይሳ ላይ አወጧቸው። እኛም ተከተልን። ከዚያ ላይ ሲታይ ቆላው እንዳለ ተዘርግቷል፤ በቆሎ፣ ሰሊጥ፣ ደግሞ በቆሎ፤ በየመሀሉ ዋንዛ። እንዲያው ሰው ለሰልፍ ወጥቶ ተራርቆ የቆመ ይመስላል።

«ያ የጎረቤቴ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ያ የወንድሜ፤ እሱ ሞቷል፣ ዛፉ አለ። ያ ከወንዙ ማዶ ያለው የኦሮሞው ወዳጄ ነው፤ እሱ እንኳ ቢጽፉለትም አይቆርጥ፣ ግትር ነው። እኔ የኔን ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትን አልነሣም። ልጅቷ ያለችው ግን ገብቶኛል። የኔን ዛፍ ያላወቀ መሣሪያ የጎረቤቴን በምን ያውቀዋል?»

አለቃዋ ዛፎቹን አንድ በአንድ አዩ። እኔ በሆዴ እየቆጠርሁ ነበር፤ ምን እንደምቆጥር ግን አላውቅም። በመጨረሻ ወደ እህቴ ዞሩ።

«ደንቡን ስትጽፊው ማን መረመረው?»

«እርስዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ የፈረምሁት?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ሁለት ነን» አሉ። ከኩይሳው ወርደው ከመኪናቸው ወረቀት አወጡ። «ጻፊው። መጀመሪያ ያንቺን ስም፣ ከሥሩ የኔን።»

የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፋ ጻፈችው። አጠገቧ ቆሜ ነበርና አነበብሁት። «ስህተቱ የመጣው እኔ ከጻፍሁት ደንብ ነው» ይላል የመጀመሪያው መስመር። «ታይቷል» አላለችም፤ «ተገኝቷል» አላለችም። «እኔ» አለች። ብዙ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ አንብቤያለሁ፤ ሱቅ ቁጭ ብዬ ለማያነቡ ደንበኞቼ የማነብላቸው ብዙ ነው፤ በደል ሲጻፍ ባለቤቱ ሁልጊዜ ይጠፋል። እህቴ ባለቤቱን መስመሩ ራስ ላይ አስቀመጠችው። በእሷ ኮርቼ አውቃለሁ፤ ዲግሪዋን የያዘች ቀን አልቅሻለሁ። የዚያን ጠዋቱን ያህል ግን ኮርቼ አላውቅም።

ሙከራው ቀረ፤ ለእንግዶቹም እንዳይመጡ ተነገረ። ሽማግሌው ቀፎዎቹን መልሰው ሰቀሉና ቀኝ ዓይናቸውም አበጠ። አለቃዋ ሁለት ወራቸውን ጨርሰው ጡረታ ወጡ። ወንበሩም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን የነገረችኝ በስልክ ነው፤ መጀመሪያ ስለ ዝናብ ጠየቀችኝ።

«ለማን ሰጡት?» አልሁ።

«ከእኔ በኋላ ለገባ ልጅ። ጎበዝ ነው እኮ፣ እታለም።»

«ጎበዝነቱን አልጠየቅሁሽም!»

«ከፍቶኛል» አለች። «ትናንት በጣም ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ሥራ አለኝ።»

ሥራውን አየሁት። በእረፍቷ ሁለት ጊዜ መጣችና ከእኔ ጋር ገበያ ለገበያ ዞረች። ጉቴ፣ ኡኬ፣ እኔ መኪና ወደምጠግንበት ሁሉ። እኔ ስጠግን እሷ ማሳ ውስጥ ገመድና ሜትር ይዛ ዛፍ ትለካለች። ገበሬዎቹ መጀመሪያ የግብር ሰው መስላቸው ይሸሹ ነበር። «ዛፌ ስንት ወጣ?» እያሉ መጠየቅ የጀመሩት በኋላ ነው፤ የአንዱ ከጎረቤቱ ካነሰ ቅር ይለዋል። ገመዱን በዚያኛው ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ። በጭቃ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ እሷ ትናገር።

አዲሱን ደንብ ስታስረዳኝ እንዲህ አለች፦ «በፊት ምን ያህል ቆየ ብዬ ብቻ ነበር የምጠይቀው። አሁን ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ወፍ እንዲያው ብቅ ብሎ ይጠፋል። ዛፍ ግን ወደ እሱ በቀረብሽ ቁጥር እየሰፋ ይመጣል፤ ደግሞ አይሄድም። እየሰፋ የሚመጣውን እመኚው።» ይህን ሁለት መስመር ለማግኘት አንድ ዓመት ፈጀባት። እኔ በዚያ ዓመት ውስጥ ስንት መኪና ጠግኜ እንደረሳሁ አላውቅም፤ እሷ በአንዲት ደንብ ላይ ዓመት ተቀመጠች፤ በሌላ ሰው አለቅነት ሥር፣ ሳታጉረመርም። ማጉረምረሟ እንኳ ለእኔ ብቻ ነበር።

በዓመቱ፣ በቆሎው እንደገና ከሰው በላይ ሲሆን፣ አውሮፕላኗ መጣች። ቢጫ ናት፤ ከጠበቅሁት ታንሳለች። ልብስ ሰፊዋ ከኡኬ ድረስ በእግሯ መጣች፤ እንዳለችው። ሽማግሌው ነጭ ጋቢ ለብሰው ከማሳቸው ዳር ቆሙ። አዲሱ አለቃ ከእንግዶቹ ጋር ነው። የድሮው አለቃም ማንም ሳይጠራቸው በሕዝብ ማመላለሻ መጥተው ከኋላ ቆመዋል። እህቴ ላፕቶፕዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሬዲዮ ጆሮዋ ላይ ይዛ አፈር ላይ ቁጭ ብላለች።

አውሮፕላኗ በወንዙ በኩል መጣች። ከበቆሎው ራስ የምትነካ እስኪመስል ዝቅ ብላ፣ ቀጥ ብላ መጣች። ዋንዛው ፊቷ ነው። ሽማግሌው «ያ ረቢ» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ፣ የማንም እጅ የነካት ሳይመስል፣ አፍንጫዋን ቀስ አድርጋ አነሣች፤ ቅጠሉን በንፋሷ አርገፍግፋ በላዩ አለፈች፤ ወዲያ ማዶ ደግሞ መልሳ ዝቅ አለች። የጎረቤትየውን ዛፍ። የሟች ወንድማቸውን ዛፍ። ከወንዝ ማዶ የግትሩን ወዳጃቸውን ዛፍ። በየአንዳንዱ ላይ ከፍ፣ ዝቅ፤ ከፍ፣ ዝቅ። በመሀል የወፍ መንጋ ከበቆሎው ተነሣ፤ አውሮፕላኗ ንቅንቅም አላለች።

እልልታው የፈነዳው ያኔ ነው። ልብስ ሰፊዋ አቅፋኝ ወደ ላይ አነሣችኝ። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፤ አዲሱ አለቃ እጅ ይጨባበጣል። አውሮፕላኗ አርፋ ፓይለቱ ሲወርድ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ፤ እሱ ግን ሰዉን አልፎ እህቴ ወደ ተቀመጠችበት መጣ። ሊያመሰግናት መስሎኝ ቀረብሁ።

«ሦስተኛው ዛፍ ላይ ምን ተሰማህ?» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ትንሽ ዘገየች።»

«እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ስትወርድ ነው ስትወጣ?»

«ስትወርድ። ሆዴ ባዶ ሆነ።»

«አሳየኝ።»

አጠገቧ ቁጢጥ አለና በጣቱ አፈሩ ላይ መስመር ሳበ፤ ከፍ፣ ዝቅ። እሷ ከሥሩ ሌላ መስመር ሳበች። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ አጠፋውና እንደገና ሳለው። ከእንግዶቹ በኩል አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ይጣራል፤ «መሐንዲሷ! እባክሽ ለፎቶ! ፓይለቱም ይምጣ!» ይላል። አልሰሙትም። ሁለተኛ ሲጣራ እኔ ልጠራት ትከሻዋን ልነካት ስል የድሮው አለቃ ከኋላዬ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ተያቸው» አሉኝ። «ሥራ ላይ ናቸው።»